ሐኪም ቤት ደርሶ መዘግየት፦ ጥቁር እናቶች አሜሪካ ውስጥ ለምን በብዛት ይሞታሉ?

(ምስል፦ ከኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ የሚወጣ አምቡላንስ)

ደሴ ላይ ስለ ወላድ ሞት ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው መንገድ ነው። ከደላንታ ወይም ከመቅደላ ገጠር ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ትወርዳለች። አምቡላንስ ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘ ያገኘው መኪና ይጭናታል። ሪፈራል እስክትደርስ የሁሉም ልብ ተንጠልጥሎ ነው። «ሐኪም ቤት ከደረሰችማ ምን ሥጋት አለ» እንላለን።

ዛሬ የምናወራው ሐኪም ቤት ደርሰው፣ አልጋ ይዘው፣ ኢንሹራንስም እያላቸው ስለሚሞቱ ሴቶች ነው። አሜሪካ ስላሉ ጥቁር እናቶች።

«የእኛ ጉዳይ አይደለም» እንዳትሉ። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ዘመድ ያለው ቤት ብዙ ነው። ያቺ ዘመዳችሁ እዚህ ጤና ጣቢያ ስትሄድ የቆዳዋን ቀለም የጠየቃት ሰው አልነበረም። እዚያ ግን ካርድ ስታወጣ ቅጹ ላይ «ጥቁር» የሚለውን ትሞላለች።

አንድ ነገር ልበልና ልቀጥል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

(ጽሑፍ በስክሪን ላይ፦ 50.3 እና 14.5)

በ2023 አሜሪካ ውስጥ በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንፃር የሞቱት ጥቁር እናቶች 50.3 ነበሩ። የነጮቹ 14.5 ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

«ድህነት ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ድህነት ድርሻ አለው፤ ግን ነገሩን አይጨርሰውም። የአሜሪካው የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ከ2007 እስከ 2016 የነበረውን የሞት መዝገብ አይቷል። የኮሌጅ ዲግሪ ያላት ጥቁር ሴት ከባለ ዲግሪዋ ነጭ ጋር ስትነጻጸር የመሞት ዕድሏ 5.2 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ይባስ ብሎ፣ ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሰች ነጭ ሴት እንኳ ከባለ ዲግሪዋ ጥቁር የተሻለ የመትረፍ ዕድል ነበራት።

ታዲያ ደማቸው ውስጥ ያለ ነገር ይሆን? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። መልሱ የመጣው ከእኛው ዓይነት ሴቶች ነውና።

(ምስል፦ ሦስት የሕፃን ሚዛኖች ጎን ለጎን)

በ1997 የወጣ አንድ ጥናት ኢሊኖይ በምትባለው ግዛት የተወለዱ ሕፃናትን ክብደት አነጻጸረ። እናቶቹን በሦስት ከፈላቸው፦ አሜሪካ የተወለዱ ነጮች፣ አሜሪካ የተወለዱ ጥቁሮች፣ አፍሪካ ተወልደው የመጡ ጥቁሮች። የነጮቹ ልጆች አማካይ ክብደት 3,446 ግራም ነበር። አፍሪካ የተወለዱት እናቶች ልጆች 3,333። አሜሪካ የተወለዱት ጥቁሮች ልጆች ግን 3,089 ግራም።

አስቡት እስቲ። ጥፋቱ የዘር ውርስ ቢሆን ኖሮ ከአፍሪካ የመጡት እናቶች ልጆች ከሁሉም ማነስ ነበረባቸው። የሆነው ግልባጩ ነው። ከዓመታት በኋላ ተመራማሪዎቹ ወደ ቀጣዩ ትውልድ ሄዱ። ከአፍሪካና ከካሪቢያን የመጡ ሴቶች እዚያው አሜሪካ የወለዷቸው ሴት ልጆች አድገው ሲወልዱ፣ የልጆቻቸው ክብደት ከእናቶቻቸው ዘመን ቀነሰ። ከአውሮፓ በመጡ ነጮች ቤት ደግሞ ጨመረ። ደሙ ያው ነው። የተለወጠው ኑሮው ነው፤ አያያዙ ነው።

የሕክምና ሰዎች የእናቶችን ሞት ሲያስረዱ «ሦስቱ መዘግየቶች» ይላሉ። አንደኛው ቤት ውስጥ ነው፤ እንሂድ አንሂድ ሲባል። ሁለተኛው መንገድ ላይ። ሦስተኛው ሐኪም ቤት ከተደረሰ በኋላ። እኛ ጋ ሦስቱም አሉ፣ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ሴት ይይዛሉ። በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከተማ ካሉ እናቶች 70 በመቶ፣ ገጠር ካሉት 40 በመቶ ብቻ ናቸው ጤና ተቋም የወለዱት። የእኛ መስመር ከተማና ገጠር ላይ ነው የተሰመረው። አሜሪካ ውስጥ ግን የቆዳ ቀለም በደንብ ገብቶ የሚሠራው ሦስተኛው ላይ ነው። ሴትዮዋ አልጋ ላይ ናት። «አመመኝ» ትላለች። የሚሰማት የለም።

ሴሬና ዊሊያምስን ታውቋታላችሁ፣ የቴኒሷን። ገንዘብም ስምም የሞላት። በመስከረም 2017 በቀዶ ሕክምና ወለደች። በማግስቱ ትንፋሽ አጠራት። ከዚያ በፊት ሳንባዋ ላይ ደም ረግቶባት ስለሚያውቅ ምን እንደሆነ ገብቷታል። ሲቲ ስካንና ደም ማቅጠኛ እንደሚያስፈልጋት ለነርሷ ተናገረች። ነርሷ የሕመም ማስታገሻው እያስቀባጠራት መሰላት። ሐኪሙም በእግሯ አልትራሳውንድ ጀመረ፤ ምንም አልተገኘም። በመጨረሻ ሲቲ ስካን ሲነሳ የረጋው ደም ሳንባዋ ውስጥ ነበር። ሴሬናን እንዲህ ካደረጓት፣ እንግሊዝኛዋ የሚንተባተበው የእኛ ልጅ ምን ልትሆን ነው?

(ምስል፦ ነጭ ጋውን የለበሱ ተማሪዎች)

በ2016 ቨርጂኒያ ውስጥ ነጭ የሕክምና ተማሪዎችና ጀማሪ ሐኪሞች ተጠይቀው ነበር። ግማሽ ያህሉ «የጥቁር ሰው ቆዳ ወፍራም ነው» እንደሚሉት ካሉ የሐሰት አባባሎች ቢያንስ አንዱን እውነት ብለው ተቀበሉ። እነዚህ ሰዎች የጥቁሮችን ሕመም አሳንሰው ገመቱ፤ ማስታገሻ ላይም ተሳሳቱ።

ይሄ ሐሳብ ሥሩ ሩቅ ነው። በ1840ዎቹ አላባማ ውስጥ ጄምስ ማሪዮን ሲምስ የሚባል ሐኪም ፌስቱላን በቀዶ ሕክምና የማዳን ዘዴ አገኘ ተብሎ ተወደሰ። ዘዴውን የሞከረው በባርነት በተያዙ ሴቶች ላይ ነው። ስማቸው የታወቀው ሦስት ናቸው፤ አናርካ፣ ቤትሲ፣ ሉሲ። ያለማደንዘዣ ቀደዳቸው። አናርካን ብቻ 30 ጊዜ ያህል። ፌስቱላ ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ምጥ ቀናት ሲቆይ የሚመጣ መከራ ነው። ከ1974 ጀምሮ አዲስ አበባ ያለው የሐምሊን ሆስፒታል የብዙ ሺህ ሴቶቻችንን ዕንባ ያበሰበት ሕክምና እነዚያ ሴቶች ሳይወዱ የከፈሉበት ነው። የሲምስ ሐውልት ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ቆሞ ኖረ። የተነሳው በ2018 ነው።

ችግሩ ሰው ላይ ብቻ አይደለም፣ ዕቃም አለ። ጣት ላይ የምትቆነጠጠዋን የኦክስጅን መለኪያ በኮሮና ጊዜ ሁላችንም አየናት። ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፋ ነው የምትለካው። በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ መሣሪያዋ «ደህና ነው» ብላ ኦክስጅናቸው በእውነት የወረደባቸው ሕሙማን ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። ይቺው መሣሪያ ደሴም አለች፣ ኮምቦልቻም አለች። ቁጥሩ ደህና ሆኖ በሽተኛው የሚያለከልክ ከሆነ በሽተኛውን ማመን ይሻላል።

ሪያድና ቤይሩት ያሉት እህቶቻችን ነገር ራሱን የቻለ ቪዲዮ ይፈልጋል። ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ሆኖ፣ ሐኪም ፊት ስለ ሕመሟ የምትናገርላትም አሠሪዋ ስትሆን፣ ሦስቱም መዘግየት አንድ ላይ ነው የሚወድቅባት።

(ምስል፦ በስልክ ቪዲዮ የምታወራ አራስ)

አሁን ወደሚጠቅመን። ሲዲሲ እንደሚለው አሜሪካ ውስጥ ከእርግዝና ጋር ከተያያዙት ሞቶች ከ80 በመቶ በላዩ ማስቀረት የሚቻል ነበር። ከግማሽ በላዩ ደግሞ የደረሰው ከወሊድ በኋላ፣ ከ7ኛው ቀን እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እኛ ጋ ያን ጊዜ አራሷ ገንፎና አጥሚት እየቀረበላት፣ ጠያቂ ሲገባ ሲወጣ ነው። እዚያ ባሏ ሥራ ገብቶ፣ እሷ ከሕፃኑ ጋር አፓርታማ ውስጥ ብቻዋን ናት። ፊቷ ሲገረጣ የሚያይ ጎረቤት የለም።

ስለዚህ በኢሞ ስትደውሉላት ስለ ሕፃኑ ብቻ አትጠይቁ። ራስ ምታቱ አልለቅ ብሏታል? ዓይኗ ይጋረድባታል? ደረቷን ይወጋታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል? አንድ እግሯ ብቻ አብጧል? በአንድ ሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደም አለ? አንዱ እንኳ ካለ ነገ አይባልም፤ 911 ትደውል።

እንግሊዝኛው ካስቸገራት አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት በሕግ አላት። ባሏ ወይም የትምህርት ቤት ልጇ እንዲተረጉም አትገደድም። «አማርኛ» ካለች በስልክም ቢሆን አስተርጓሚ ማቅረብ የእነሱ ግዴታ ነው። ድንገተኛ ክፍል ስትገባ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ከማስረዳቷ በፊት «ከወለድኩ ሦስት ሳምንቴ ነው» ትበል፤ ሦስት ወርም ይሁን ዘጠኝ ወር፣ ያንኑ ትናገር። ካላለች እንደ ማንኛዋም ራሷን ያመማት ሴት ወንበር ላይ ወረፋ ሊያስጠብቋት ይችላሉ።