«ወንዶች ወደ ፊት!» ሲባል ማን ይሂድ?

(ምስል፦ ጎንደር፤ የውዝዋዜ ልምምድ፤ ሁለት ረድፍ፤ የከበሮ ድምፅ)

አሰልጣኙ ያጨበጭባል። «ወንዶች ወደ ፊት! ሴቶች ባላችሁበት!» በወንዶቹ ረድፍ ጫፍ ያለችው ልጅ አንድ እግሯን አንስታ ቀረች። እዚያ የቆመችው ወንድ ስላነሰ ነው። ትሂድ? ትቁም? እስክትወስን ከበሮው አለፋት።

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ቪዲዮ ስለዚያች እግር ነው።

አዝማሪ ቤት ይህ ችግር የለም። አዝማሪው ማሲንቆውን ይገዘግዛል፤ ፊት ለፊታችሁ ካለው ሰው ጋር ትከሻ ትገጥማላችሁ፤ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው ጭፈራው ረድፍና ቅደም ተከተል ሲኖረው ነው።

(ምስል፦ ሁለት ረድፍ ጨፋሪዎች፤ ማይክ የያዘ ሰው)

አሜሪካኖች ኮንትራ የሚሉት ጭፈራ አላቸው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሰለፋሉ፤ ቀጣዩን እንቅስቃሴ በማይክ የሚጠራ ሰው አለ። ዜማው አንዴ ሲዞር 64 ምት ነው። ጠሪው ምቱ ሳይደርስ ተናግሮ መጨረስ አለበት፤ በጥንዱ ውስጥ የየቦታው መጠሪያ ስም ከረዘመ አበቃ። ድሮ «ጄንትስ» እና «ሌዲስ» ይሉ ነበር፤ ወንዶችና ሴቶች ማለት ነው። ሰው በፈለገው ቦታ መቆም ሲጀምር ስሙ አላስኬድ አለ። አንዳንዶች «ጄትስ» እና «ሩቢስ» አሉ። ከድሮው ጋር ስለሚቀራረብ ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል፤ የት እንደሚቆም ግን አይናገርም። ብዙዎች በሁለት ወፎች ረጉ፤ ላርክ እና ሮቢን። በእንግሊዝኛ ላርክ ከ«ግራ»፣ ሮቢን ከ«ቀኝ» ጋር በአንድ ፊደል ይጀምራሉ። ጥንዶቹ ተሽከርክረው ሲያበቁ ላርክ በግራ፣ ሮቢን በቀኝ ይቆማል። ከሮቢን በፊት ቦታው የሬቨን፣ የቁራ ነበር።

ቁራ! እኛ ዘንድ ተልኮ የቀረ ሁሉ የቁራ መልእክተኛ ነው። እኔም መጀመሪያ «ቀኝ ቁራ፣ ግራ ጉጉት» ብዬ ነበር፤ ፊደሉ ልክክ ይላል። ጉጉት ልሁን የሚል ግን ጠፋ።

አሁን የምመርጠው ግራርና ቀጋ ነው። ግራር ውስጥ «ግራ» ቁጭ ብሏል። ቀጋ እንደ ቀኝ በ«ቀ» ይጀምራል። አጭር ናቸው፤ በከበሮ መሀል አይምታቱም። ሁለቱም እሾሃም ናቸውና ማንም በማንም አይቀናም። የማን ግራ? ጥንዶቹ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ከበሮው ሲያዩ፣ የራሳቸው ግራ።

(ምስል፦ በትልቁ «ዙር፣ ዙሪ፣ ዙሩ»)

አማርኛ ላይ ግን ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም። ጾታው ግሱ ውስጥ ተደብቋል። «ግራር፣ ዙር!» ከተባለ ወንድ ተጠራ፤ «ዙሪ!» ከተባለ ሴት። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ይህ ራስ ምታት የለበትም። የኛ መውጫ ብዙ ቁጥር ነው። «ግራሮች ዙሩ! ቀጋዎች ተመለሱ!» እዚህ ላይ ወንድ ሴት የለም። እኔም ከመጀመሪያው ጀምሮ «እናንተ» እያልኩ ነው፤ ልብ ብላችኋል? አንድ ሰው ነጥሎ ማረም ካስፈለገ በስሟ ጠርቶ «ዙሪ» ማለት ነው፤ ያኔ የተጠራችው እሷ እንጂ ቦታው አይደለም።

«የወንዱና የሴቷ አጨፋፈር ሊጠፋ ነው?» የሚሉ አሉ። ስሙ የሚናገረው መቆሚያውን ነው። ትከሻው የጨፋሪው ነው።

በነገራችን ላይ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሳሳተው አሰልጣኙ ነው።

(ምስል፦ ያው ልምምድ)

«ወን... ግራሮች ወደ ፊት!»

ልጅቷ ሄዳለች።