ጉበት ሲቆረጥ ዋናው ጥያቄ፦ ስንት ይቀራል?

ሰላም ቤተሰብ! አራት ኪሎ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ድምፁ ከገባ ይቅርታ፤ ግን ዛሬ ይጠቅመኛል። የማወራው የሐሞት ቱቦ ካንሰር ይዞት ጉበቱ ስለሚቆረጥ ሰው ነው።

ፊት ለፊት ያለውን የድሮ ቤት እዩልኝ። ከግራ ጣሪያ አንድ አሸንዳ ይመጣል፣ ከቀኝ አንድ አሸንዳ። ጥጉ ላይ ይገናኙና በአንድ ቱቦ ይወርዳሉ። መገናኛው ዝጎ ተደፈነ እንበል። ውሃው የት ይሄዳል? ወደ ኋላ! ኮርኒሱ ይበሰብሳል።

ጣሪያው ጉበት፣ ውሃው ሐሞት፣ አሸንዳው የሐሞት ቱቦ ነው። መገናኛው ላይ ካንሰር ሲወጣ ሐሞቱ ወደ ደም ይመለሳል። ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ገላ ያሳክካል። እባካችሁ፣ «የወፍ በሽታ ነው፣ ይለቃል» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ!

አናጢው መገናኛውን ብቻ ቆርጦ አይገላገልም፤ ዝገቱ ወደ አንዱ አሸንዳ ዘልቋል። ስለዚህ ያንን ወገን ከነጣሪያው ያነሳዋል። ሐኪሙም ካንሰሩ የዘለቀበትን የጉበት ወገን እንዲሁ ያወጣል። የቀረው ጣሪያ ግን ቤተሰቡን ዛሬ ማታ ማስጠለል አለበት። «ዛሬ ማታ» የምትለዋን ያዙልኝ።

ቶሎ ቶሎ ልበል። ቀኙ ጉበት ትልቁ ነው፤ ከጠቅላላው 60 በመቶ ገደማ። ወደ ቀኝ የሚሄደው የደም ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ ከሐሞት ቱቦው ጀርባ ስለሚያልፍ ካንሰሩ በቀላሉ ይደርስበታል። የግራው ቱቦ ደግሞ ከጉበት ውጭ ረዘም ስለሚል መቁረጫ ቦታ ይሰጣል። ስለዚህ ቀኙን ማውጣት ካንሰሩን ለማጽዳት ብዙ ጊዜ ይመቻል፤ የሚቀረው ግን ትንሽ ነው። ግራውን ማውጣት ብዙ ጉበት ያስተርፋል። ከኋላ ያለችው ትንሿ ክፍልም አብዛኛውን ጊዜ አብራ ትወጣለች፤ ቱቦዎቿ እዚያው መገናኛው አጠገብ ነው የሚገቡት።

አሁን ኮሜንት ላይ የተደጋገመው ጥያቄ፦ «ጉበት መልሶ ያድጋል አይደል? ታዲያ ለምን በደንብ አድርገው አይቆርጡትም?»

ያድጋል፣ እውነት ነው። ግን የተቆረጠው ክፍል አይበቅልም፤ የቀረው ነው የሚተልቀው፣ ያውም በሳምንታት ውስጥ። ታማሚው ግን የሚያድረው ዛሬ ማታ ነው! ዛሬ ማታ በቀረው ጉበት ነው የሚኖረው። ለጤነኛ ጉበት ከ20 እስከ 25 በመቶ ቢቀር ሊበቃ ይችላል። በሐሞት ታፍኖ ለከረመ ጉበት ግን ሐኪሞች ከ30 እስከ 40 በመቶ እንዲቀር ይፈልጋሉ። እንደሚያድግ መተማመን ብቻውን ሰው ይገድላል።

ለዚህ ነው አንዳንዴ «ጠብቁ» የሚባለው። ቤተሰብ ይናደዳል፤ «ካንሰር እያለ ምን ይጠበቃል?» ይላል። ይገባኛል። ግን በዚያ ጊዜ መጀመሪያ ሐሞቱ እንዲወርድ ይደረጋል፤ በተለይ ከሚቀረው ወገን። ከዚያ ለሚወጣው ወገን ከአንጀት ደም የሚያመጣው ቅርንጫፍ ይዘጋል። ደሙ ወደሚቀረው ይዞራል፣ እሱም ያድጋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሲቲ ስካን ይለካል። ከበቃ፣ ኦፕራሲዮኑ ይቀጥላል።

ቀጠሮ የሚጠብቅ ዘመድ ያለው ሰው ካወቃችሁ ይሄን ቪዲዮ ላኩለት። ሰብስክራይብም አትርሱ። «የሚቀረው ስንት በመቶ ነው?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።