በሩ ላይ የራስ ስም

ደህና አመሻችሁ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። ቅዳሜ ማታ ጋርላንድ ድረስ የመጣችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ጥሩ ሎድ፣ ጥሩ የሚከፍል ጭነት፣ ትታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁም አውቃለሁ።

ስለ አቶሪቲ፣ ማለት በራስ ስም በትራክ ጭነት ለማመላለስ ስለሚያስፈልገው ፈቃድ፣ ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ያስወጣል?» ነው። ማመልከቻው 300 ዶላር ነው። ኤፍኤምሲኤስኤ ለሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ይከፈላል፤ ባይሳካላችሁም አይመለስም። መንግሥት ድርጅታችሁን የሚለይበት የዲኦቲ ቁጥሩ ግን በነጻ ነው። ለቁጥሩ ክፈሉ ያላችሁ ሰው ቅጽ የሞላበትን ነው የሚያስከፍላችሁ።

ኪስ የሚያራቁተው ኢንሹራንሱ ነው። ሕጉ ተራ ጭነት ለሚጭን፣ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ቢያንስ የ750,000 ዶላር ሽፋን ይላል። ያንን ይዛችሁ ጭነት አገናኙ ብሮከር ጋ ብትደውሉ ግን ብዙዎቹ አንድ ሚሊዮን፣ ለጭነቱ ደግሞ 100,000 ይጠይቋችኋል። ማስረጃውን ለመሥሪያ ቤቱ የሚልከው ኢንሹራንሱ ራሱ ነው። ቢኦሲ 3 የሚሉትም አለ፤ በየስቴቱ የፍርድ ቤት መጥሪያ የሚቀበልላችሁ ወኪል ማስመዝገብ ማለት ነው። እሱ ቀላል ነው። ከዚያ ማመልከቻችሁ «ተቃዋሚ ካለ» ተብሎ 10 ቀን ይጠበቃል።

ድሮ ተቃዋሚው የምር ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1935 ጀምሮ አዲስ ገቢ ሥራው ለሕዝብ እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ነበረበት። ነባሮቹ ኩባንያዎች ደግሞ አያስፈልግም ብለው ይከራከሩታል። ጂሚ ካርተር በ1980 አዲሱን ሕግ ፈርመው ነው በሩ የተከፈተው። ያቺ 10 ቀን የዚያ ዘመን ትርፍራፊ ትመስለኛለች።

እኔ ለምን ወጣሁ? ሦስት ዓመት ለሰው ኩባንያ ሊዝ ሆኜ፣ ማለት ትራኬን ይዤ በነሱ ፈቃድ ሥር፣ ሠርቻለሁ። «ከሎዱ 75 በመቶ ያንተ ነው» ተባልኩ። የስንቱ 75 በመቶ? ሎዱ ስንት እንደተከፈለበት አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሾፌር ነገረኝ። በመቶኛ የሚከፈለው ሰው ሒሳቡ ሲሠራለት የጭነቱን ቢል ኮፒ ማግኘት አለበት፤ የፌዴራል ሕግ ነው አለኝ። ሄጄ ጠየቅኩ። «አታምነንም እንዴ?» አሉኝ። ኮፒውን አላየሁትም፤ በዚያው ወር ወጣሁ። ዛሬም ሊዝ ላይ ያላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

አቶሪቲው የወጣ ዕለት የትራኬ በር ላይ ስም ለጠፍኩ። የድርጅቱ ስምና የዲኦቲ ቁጥሩ በሁለቱም በኩል፣ በቀን ብርሃን ከ50 ጫማ ርቀት መነበብ አለበት። ባለቤቴ ሜትር ይዛ ፓርኪንጉን ለካች። እኔ እዚያ ቆሜ ሳነብ ስሙ ጠመም ብሏል። ልጄ «ዳዲ፣ ተጣሟል» አለ። እንደተጣመመ ነዳሁት።

ከዚያ ስልኩ መጮህ ጀመረ። ምዝገባው ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ቁጥራችሁን ማንም ያገኘዋል። ኢንሹራንስ ሻጩ፣ የብሮከሩን ክፍያ ቀድሞ የሚሰጣችሁ ፋክተሪንጉ፣ ጭነት ልፈልግላችሁ የሚለው ዲስፓቸር ነኝ ባዩ፣ ሁሉም ይደውላል። በፖስታ የመንግሥት የሚመስል ደብዳቤም ይመጣል፤ ክፈል ይላል። በትንሿ ጽሑፍ የግል ድርጅት መሆኑ ተጽፏል። መነጽር አድርጋችሁ አንብቡ።

ብሮከሮቹስ? «ኤምሲህ ስንት ቀኑ ነው?» ይላሉ፤ የአቶሪቲውን ቁጥር ማለታቸው ነው። ከ90 ቀን በታች ከሆነ ብዙዎቹ አይሰጧችሁም። እኔን የሰጠኝ አንዱ ወደ ማያሚ ነበር። ዋጋው ጥሩ ነበር። አዎ፣ ሳቁ! ፍሎሪዳ መግቢያው ለምን ጥሩ እንደሚከፍል የምታውቁ ናችሁ የምትስቁት። መመለሻ ጭነት የለም። ሁለት ቀን ጠብቄ እስከ አትላንታ ባዶዬን ነዳሁ። ወደ 660 ማይል ነው፤ ትራኬ ደግሞ በጋሎን 6 ማይል ነው የሚሄደው። አየር ጭኜ 110 ጋሎን ናፍጣ አቃጠልኩ። ብሮከሩ የከፈለኝ በ30 ቀን ነው፤ ናፍጣው ግን የዚያኑ ቀን ነው የሚከፈለው። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው፣ 300 ዶላሩን ከመክፈልህ በፊት ሦስት ወር ያለ ገቢ የሚያቆይህን ገንዘብ አስቀምጥ ነው። ፋክተሪንግ አለ ትሉኛላችሁ። አለ፤ ግን ቆርጦ ነው የሚሰጣችሁ።

ወረቀቱም አያልቅም። በየሩብ ዓመቱ ኢፍታ፣ በየስቴቱ የነዳችሁበት የነዳጅ ታክስ ሪፖርት፣ አለ። ከስቴት ስቴት የሚጭን የሚከፍለው ምዝገባ፣ ዩሲአር፣ በየዓመቱ ነው። ለከባድ ትራክ የመንገድ ታክስ 2290 በሚሉት ቅጽ እስከ 550 ዶላር ትከፍላላችሁ። ብቻችሁን ብትሆኑም ሾፌሮችን በጋራ የሚያስመረምር የዕፅ ምርመራ ኮንሶርቲየም ውስጥ መግባት ግዴታ ነው፤ አለቃም ሠራተኛም እናንተው ናችሁና። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ኦዲተር ይመጣል፤ የሎግ (የመንዳት ሰዓት መዝገብ)፣ የጥገና፣ የምርመራ ፋይል ይጠይቃል። የኔን ፋይል የያዘችው ባለቤቴ ናት። እኔ ብይዘው ኖሮ ዛሬ እዚህ የምቆመው ምን እንደማልሠራ ለመናገር ነበር።

የመጀመሪያ ዓመት የወጪ ደብተሬን ኋላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጎማው፣ ናፍጣው፣ የመንገድ ክፍያው ቶሉ፣ ያቺ የማያሚ ጉዞም አለች። ገልብጣችሁ እዩት፣ ፎቶም አንሱት። ጥያቄ ያለው ወደኔ ይምጣ፤ ቡናውም ደርሷል መሰለኝ። አመሰግናለሁ።