ስለ ባዶው አልጋ

የተከበራችሁ የበጀት ኮሚቴ አባላት፣ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ባለፈው ግምገማ ላይ፣ ከሚደበድባቸው ባል ለሚሸሹ ሴቶች ስላለን መጠለያ አንድ ጥያቄ ተነሳ። «መጠለያችሁ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት አልጋ ባዶ ነው። መንግሥት ለባዶ አልጋ ለምን ይከፍላል?» ጥያቄው ክፋት የለበትም፤ ሂሳብ የሚያይ ሰው መጠየቁ አይቀርም። ያን ቀን ግን ምላሴ ተሳሰረ። ዛሬ ልመልስ።

ስልኩ የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው። ሴትየዋ በሹክሹክታ ታወራለች። ባልየው ከጎን ክፍል ተኝቷል። አንዷ ድምጿ እንዳይሰማ የመታጠቢያ ቤቱን ውሃ ከፍታ ነበር የደወለችው። እስቲ እሷን «ሞልቷል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውዪ» በሏት! ሁለተኛ አትደውልም።

ሰው «ለምን ጥላው አትወጣም?» ይላል። የመገደል አደጋው ከፍ የሚለው እኮ ጥላው ስትወጣ ነው። አድራሻችንን የምንደብቀው ለዚህ ነው። ዘመድ ቤትም ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ ሰውየው መጀመሪያ የሚያንኳኳው እዚያ ነዋ።

እ.ኤ.አ. በ1971 ኤሪን ፒዚ ለንደን ውስጥ፣ ቺዝዊክ በሚባል ሰፈር፣ ለተደበደቡ ሴቶች ቤት ከፈተች። ከቀደምቶቹ መጠለያዎች አንዱ ነው። የመጣችን ሴት አልመልስም አለች። 36 ሰው ብቻ እንዲኖርበት በተፈቀደ ቤት 75 ሰው ተገኘና ተከሰሰች። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ሄዶ ተረታች። ሕጉን አልቃወምም፤ 75 ሰው እዚያ ቤት መታጨቅ የለበትም። ግን ምርጫዋን አስቡት። ትርፍ አልጋ የሌለው ቤት ወይ ሕግ ይጥሳል፣ ወይ በሩን ይዘጋል።

በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለመከላከል በአውሮፓ ምክር ቤት የወጣው፣ እ.ኤ.አ. የ2011ዱ የኢስታንቡል ስምምነት ማብራሪያ ለ10,000 ነዋሪ አንድ የቤተሰብ ቦታ ይመክራል። እናትና ልጆቿ አብረው የሚያድሩበት ማለት ነው። ልጆቹን ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረን፤ ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል። «ለምን?» ስንለው «ብንሮጥስ?» አለ። ያወለቀው በአስራ አንደኛው ቀን ነው። እስከዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ አብራው ስትጫወት የከረመች ሠራተኛ አለች። እሷም ደሞዝተኛ ናት። እርዳታ ሲሰበሰብ ብርድ ልብስ እንደ ጉድ ይመጣል። ደሞዝ ይዞ የሚመጣ ግን እስካሁን አላየሁም። መንግሥትን የምንጨቀጭቀው ወደን አይደለም።

ጥያቄያችን አጭር ነው። በተያዘ አልጋ ቁጥር መክፈሉ ይቅር፤ ቤቱ እንዳለ የዓመት በጀት ይያዝለት። ሁሉም አልጋ የተያዘበት ወር ሪፖርት ላይ ያምራል። እኛ ዘንድ ግን ሴቶችን ከበር የመለስንበት ወር ነው።

ዛሬ ጠዋት ስወጣ ሁለት አልጋ ባዶ ነበር። አንሶላው ተነጥፏል፤ አንደኛው አጠገብ የሕፃን አልጋ አለ። ማታ ተረኛዋ ስልኩን ትይዛለች።

አመሰግናለሁ።