ሦስት ቀን አይበቃም፦ ኢሚግሬሽን ሥራ ቦታ ሲመጣ የሠራተኛ ማኅበር ምን ሊያደርግ ይችላል?

(ምስል፦ ባዶ የስፖርት አዳራሽ፤ በወንበሮች መካከል የወዳደቁ ብርጭቆዎችና ወረቀቶች።)

ተራኪ፦ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በዚያን ጊዜ ስቴፕልስ ሴንተር ይባል የነበረ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 በዚህ አዳራሽ ይሠሩ የነበሩ ሠራተኞች ከቀጣሪያቸው ከአራማርክ ኩባንያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ስማቸውና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸው ከመንግሥት መዝገብ ጋር አይገጥምም ይላል። ደብዳቤው ፖስታ ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ አስተካክለው ማስረጃ እንዲያመጡም ያዝዛል።

እስቲ ቀኖቹን እንቁጠር። ደብዳቤው ቤት እስኪደርስ አንዱ ቀን አለፈ። በሁለተኛው ቀን ሠራተኛው ተረኛ ነው። በሦስተኛው የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሰልፍ ላይ ይቆማል። በቀነ ገደቡ ያላደረሱ 33 ሠራተኞች ተባረሩ።

ማኅበር ባይኖር ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እነዚህ ሠራተኞች ግን ኤስኢአይዩ የተባለው የአገልግሎት ሠራተኞች ማኅበር አባላት ነበሩ፤ የኅብረት ስምምነታቸውም ያለ በቂ ምክንያት ማንም ከሥራ እንደማይሰናበት ይደነግጋል። ማኅበሩ ቅሬታውን ወደ ግልግል ዳኛ ወሰደው። ዳኛው የቁጥር አለመግጠም ብቻውን አንድ ሰው የሥራ ፈቃድ የለውም አያሰኝም ብሎ፣ ሠራተኞቹ ከነውዝፍ ደመወዛቸው ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ወሰነ። ኩባንያው ይህን ውሳኔ በፌዴራል ፍርድ ቤት አሻረው። ማኅበሩም አልተኛም፤ ይግባኝ ጠየቀና በ2008 ዘጠነኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት የግልግል ዳኛውን ውሳኔ አጸናው።

(ምስል፦ ሁለት መታወቂያዎች ጎን ለጎን፤ ስሞቹ ተሸፍነዋል።)

ይህ ታሪክ ለእኛ ቅርብ ነው። እኛ የቤተሰብ መጠሪያ የለንም፤ ከስማችን ቀጥሎ የሚመጣው የአባታችን ስም ነው። በአንዱ ወረቀት የአያት ስም መጨረሻ ላይ ይገባል፣ በሌላው የአባት ስም። ፀሐይ የሚለው ስም ብቻ በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ እናውቃለን። የልደት ቀንም አንዱ ጋ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይመዘገብና የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጥራል። ሙሉ የሥራ ፈቃድ ያላት አንዲት የሆቴል ሠራተኛ በእንዲህ ያለ ስሕተት ተጠርጣሪ ልትሆን ትችላለች። ስሕተቱን ለማስተካከል የሚያስፈልጋት ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ቀጣሪ በራሱ ፈቃድ የሚሰጠው ነገር አይደለም።

ስለዚህ የማኅበር ዋናው ሥራ የሚሠራው ፖሊስ ከመምጣቱ ከወራት በፊት፣ የኅብረት ስምምነቱ ድርድር ጠረጴዛ ላይ ነው። ቀጣሪው የሠራተኞችን የቅጥር ቅጽ፣ ማለትም አይ-9 የሚባለውን፣ የመንግሥት መርማሪዎች ሊመረምሩ እንደሚመጡ ሲያውቅ ለማኅበሩ ወዲያው እንዲያሳውቅ ማድረግ ይቻላል። ካሊፎርኒያ ከ2018 ጀምሮ ቀጣሪው በ72 ሰዓት ውስጥ ለሠራተኞቹ ማሳወቅ እንዳለበት በሕግ ደንግጋለች፤ እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ክፍለ ግዛት ግን መተማመኛው ውሉ ነው። ወረቀት ለማስተካከል በቂ ቀን እንዲሰጥ፣ ለኢሚግሬሽን ቀጠሮ የሄደ ሰው ከሥራ እንዳይባረር፣ የሥራ ፈቃዱ እስኪታደስ ከሥራ የወጣ ሠራተኛም ሲመለስ የአገልግሎት ዘመኑ እንዲጠበቅለት የሚያስገድድ አንቀጽ ማስገባትም ይቻላል። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ ለሚጠባበቅ ወይም ቲፒኤስ የሚባለውን ጊዜያዊ ከለላ ለያዘ ሰው ይህ የመጨረሻው አንቀጽ የቤት ኪራይ ነው፤ ፈቃዱ ቀን አለውና።

(ምስል፦ የሆቴል የኋላ በር፤ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ በእንፋሎት ተሸፍኗል።)

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። አይስ የሚባለው የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት ፖሊሶች ወረቀት ይዘው ቆመዋል። ወረቀቱ ላይ መታየት ያለበት ከላይ የማን ስም እንደተጻፈና ከታች ማን እንደፈረመ ነው። የፍርድ ቤት ስም ካለውና ዳኛ ከፈረመበት የፍርድ ቤት ማዘዣ ነው። አይ-200 ወይም አይ-205 የሚል የቅጽ ቁጥር ካለውና የፈረመው የኢሚግሬሽን ሹም ከሆነ ግን የአስተዳደር ማዘዣ ነው። ጸንቶ በኖረው የሕግ አተረጓጎም ይህኛው ማዘዣ ለሕዝብ ክፍት ወዳልሆነ የሥራ ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ ኩሽና ወይም ወደ ልብስ ማጠቢያ፣ ያለ ፈቃድ አያስገባም። ሎቢው ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ያንን ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው? ዕቃ አጣቢዋ አይደለችም፤ ቀጣሪው ነው። ሥራ አስኪያጁ ደንግጦ “ግቡ” ካለ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ለዚህም ነው ጥሩ ማኅበር ቀጣሪው የዳኛ ማዘዣ ሳያይ እንዳያስገባ በውሉ የሚያስገድደው፤ የየፈረቃው ተወካይም ሁለቱን ወረቀቶች ለይቶ እንዲያውቅ አስቀድሞ የሚያሠለጥነው። ተወካዩ አይገፋም፣ አይዋሽም፣ ሰው አይደብቅም። የሥራ ባልደረቦቹን “አትሩጡ፣ ዝም የማለት መብት አላችሁ፣ ጠበቃ ጠይቁ፣ ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ” ይላቸዋል። የተወሰዱትን ሰዎች ስም ይመዘግባል።

ስም መመዝገቡ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የታሰረ ሰው በሰዓታት ውስጥ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ሊወሰድ ይችላል። ቤተሰቡ የት እንዳለ በመንግሥት ድረ ገጽ ለማግኘት የተወለደበትን አገር፣ ከዚያም ጋር የኤ ቁጥሩን (የኢሚግሬሽን መዝገብ መለያ ቁጥሩን) ወይም በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን ስሙን በትክክል ማወቅ አለበት። የኤ ቁጥር በሥራ ፈቃዱና በግሪን ካርዱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በብዙ ቤት ይህን ቁጥር የሚያውቀው የታሰረው ሰው ብቻ ነው።

(ምስል፦ በግንባታ ቦታ ላይ የተሰቀለ የደኅንነት ቆብ።)

በመጋቢት 2025 ከሜሪላንድ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ተለማማጅ በስሕተት ወደ ኤል ሳልቫዶር ተላከ፤ ዳኛ ወደዚያ እንዳይላክ ከልክሎ እያለ ነው። ስማርት የተባለው ማኅበሩ አባሌን መልሱልኝ ብሎ በአደባባይ ጮኸ፤ ሌሎች የግንባታ ማኅበራትም አብረውት ቆሙ። ልጁ በሰኔ ወር ወደ አሜሪካ ተመልሶ ሌላ የፍርድ ቤት ትግል ጠበቀው። በዚያው ሰኔ የኤስኢአይዩ ካሊፎርኒያ ፕሬዚዳንት ዴቪድ ሁዌርታ በሎስ አንጀለስ የኢሚግሬሽን አፈሳ በሚካሄድበት ቦታ ተይዘው ታሰሩ፤ የተፈቱትም በ50,000 ዶላር ዋስትና ነው። የሚመሩት ማኅበር የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች ማኅበር ነው።

ማኅበራት ሁልጊዜ እንዲህ ነበሩ ብዬ ግን አላታልላችሁም። በ1986 ፈቃድ የሌለውን ሰው የቀጠረ እንዲቀጣ የሚያዝዘው ሕግ ሲወጣ ትልቁ የማኅበራት ኅብረት፣ ኤኤፍኤል-ሲአይኦ፣ ቅጣቱን ደግፎ ነበር። አቋሙን የቀየረው በየካቲት 2000 ነው። ዘግይቷል፤ ያም ሆኖ ትክክለኛ ለውጥ ነበር። ሕጉም ወሰን አለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984 ወረቀት የሌለውም ሠራተኛ በሠራተኛ ሕግ ዘንድ ሠራተኛ ነው፣ ማኅበር ስለመረጠ ለኢሚግሬሽን መጠቆምም ጥፋት ነው ብሏል። በ2002 ደግሞ እንዲህ ያለ ሠራተኛ በማኅበር እንቅስቃሴው ምክንያት በግፍ ቢባረር እንኳ ውዝፍ ደመወዝ አያገኝም ሲል ወሰነ። የመጀመሪያው ውሳኔ የሰጠውን ሁለተኛው ግማሹን ወሰደበት። ስለዚህ የእያንዳንዳችሁን ጉዳይ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሊያየው ይገባል፤ ብዙ ማኅበራትም ጠበቃ ያገናኛሉ። ላስ ቬጋስ ያለው ኩሊነሪ የተባለው የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር ከ2001 ጀምሮ አባላቱ የዜግነት ማመልከቻ እንዲሞሉ ይረዳል።

(ምስል፦ የኅብረት ስምምነት መጽሐፍ በእጅ ላይ።)

በሆቴል፣ በመኪና ማቆሚያ ወይም በአውሮፕላን ማረፊያ የምትሠሩና የማኅበር መዋጮ ከደመወዛችሁ የሚቆረጥባችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣ ይህ መጽሐፍ የእናንተ ነው። ስለ ኢሚግሬሽን የሚናገር አንቀጽ እንዳለው ተወካያችሁን ጠይቁ፤ ከሌለው በሚቀጥለው ድርድር እንዲገባ አስመዝግቡ። በአማርኛ እንዲተረጎምላችሁም ጠይቁ። የኤ ቁጥራችሁን ለምታምኑት ሰው ስጡ። የተወካያችሁንና የጠበቃችሁን ስልክ ቁጥር ደግሞ በቃላችሁ ያዙ፤ ሰው ሲያዝ ስልኩ ይወሰድበታልና።