ውሃ ሲጨመርበት የሚደፈርሰው መድኃኒት

[ምስል፦ የተሰበረ የመድኃኒት አምፑል፣ ቤከር፣ ሲሪንጅ]

ጎንደር ውስጥ በአንድ የፋርማሲ ቤተ ሙከራ ነን። ይህ የሚጥል በሽታ ሲበረታ የሚሰጠው የዲያዜፓም መርፌ ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ይዟል። ፈሳሹ ኩልል ያለ ነው። ዘጠኝ እጥፍ ውሃ እንጨምርበት።

[ምስል፦ ፈሳሹ ሲነጣ፣ በቅርበት]

ደፈረሰ። እኛ እኮ አቀጠንነው እንጂ መድኃኒት አልጨመርንበትም! ታዲያ የሟሟው ለምን ተመልሶ ወጣ?

ነገሩ ያለው በፈሳሹ የኤሌክትሪክ ጠባይ ላይ ነው። የውሃ ሞለኪውል አንድ ጫፉ ወደ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ወደ ኔጋቲቭ ያደላል። በተቃራኒ ቻርጆች መካከል ሲገባ መሳሳባቸውን ያዳክማል። በስንት እጥፍ እንደሚያዳክም የሚነግረን ቁጥር ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት ይባላል፦ ለውሃ 80፣ ለፕሮፒሊን ግላይኮል 32፣ ለአልኮል 25 ገደማ። መጻሕፍት ለውሃ 78 የሚሉት በ25 ዲግሪ ስለሚለኩት ነው፤ የጎንደር ክፍል ግን ወደ 20 ይጠጋል።

ጨው እንዲህ ባለ ፈሳሽ በቀላሉ ይሟሟል። ዲያዜፓም ግን ወደ ቅባት የሚያደላ ስለሆነ እርስ በርስ የተያያዙት የውሃ ሞለኪውሎች ቦታ ይነፍጉታል፤ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው 0.05 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መርፌው ሲዘጋጅ 40 በመቶ ፕሮፒሊን ግላይኮልና 10 በመቶ አልኮል ይገባበታል። ቀሪውን ውሃ ብለን የየድርሻቸውን ብንደምር የድብልቁ ቁጥር ወደ 55 ይወርዳል።

[ምስል፦ ከ55 ወደ 77 የሚወጣ መስመር]

ውሃውን ስንጨምር ቁጥሩ ከ77 አለፈ። መድኃኒቱ አሥር እጥፍ ቀጥኖ በ1 ሚሊ ሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ሆነ፤ የፈሳሹ የማሟሟት አቅም ግን ከዚያ በባሰ ፍጥነት አሽቆለቆለ። የተረፈው ወጣ። ፒያሳ ውስጥ ኡዞ የተባለው የአልኮል መጠጥ ላይ ውሃ ሲጨመር የሚነጣውም በዚሁ መንገድ ነው፤ እዚያ የሚወጣው መዓዛ የሚሰጠው ዘይት ስለሆነ ማንም አይደነግጥም። ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቅንጣት ግን አደጋ ነው። መርፌው ሌላ ፈሳሽ ሳይቀላቀልበት ይሰጥ የሚባለው ለዚህ ነው።

ቁጥሩን ግን አታምልኩት። አንዱ በግሊሰሪን፣ ሌላው በአልኮል ተዘጋጅተው እኩል 55 የሆኑ ሁለት ድብልቆች አንድን መድኃኒት እኩል ላያሟሙት ይችላሉ፤ ሞለኪውሎቹ ከመድኃኒቱ ጋር የሚፈጥሩት የሃይድሮጂን ትስስር ይለያያል። ቀማሚው በቁጥሩ ተመርቶ ሁለት ሦስት ድብልቅ ይመርጣል፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ መድኃኒቱን ሳይሟሟ እስኪተርፍ ድረስ ጨምሮ፣ አጣርቶ የሟሟውን ይለካል።