የአሮጌ ባትሪ ሊቲየም ከማን እጅ ይጀምራል?
በአቃቂ ቃሊቲ ለፋብሪካ ባለቤቶችና ለቁርጥራጭ ሰብሳቢ ማኅበራት የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የፋብሪካ ባለቤቶች፣ የማኅበራት አባላት፣ ክቡራትና ክቡራን፤

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በከተማችን የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ ባትሪው ሲያረጅም መውደቂያው እንደ ሌላው ቁርጥራጭ ሁሉ ይኸው የከተማው ዳርቻ መሆኑ አይቀርም።

ብዙ ሰው ከአሮጌ ባትሪ ኮባልት የተባለ ውድ ብረት እንደሚዛቅ ሰምቷል። በስልክና በላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ኮባልት መኖሩ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በርካታ የቻይና መኪኖች የሚጠቀሙበት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ኮባልትም ኒኬልም ስለሌለው፣ ከመዳቡና ከአሉሚኒየሙ ሌላ ለድካም የሚከፍለው ሊቲየም የተባለው ቀላል ብረት ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ጆንያ ቀላቅሎ የሸጠ ሰው ውዱን በርካሹ ዋጋ ሰጠ ማለት ነው።

አሠራሩን ባጭሩ ልግለጽ። በባትሪው የቀረው ኃይል እንዲያልቅ ከተደረገ በኋላ ባትሪው ይፈጫል፤ ፕላስቲኩ፣ መዳቡና አሉሚኒየሙ ተለይተው የሚቀረው ጥቁር ዱቄት በሰልፈሪክ አሲድ ይሟሟል። ኮባልትና ኒኬል ካለ እነሱ በየተራ ይወጣሉ፤ በመጨረሻም በቀረው ፈሳሽ ላይ ሶዲየም ካርቦኔት ሲጨመርበት ሊቲየሙ ነጭ የሊቲየም ካርቦኔት ዱቄት ሆኖ ይዘቅጣል። ስኳር በትኩስ ውኃ ይበልጥ ይሟሟል፤ ይህ ውህድ ግን ግልባጩ ስለሆነ ፈሳሹ ሳይቀዘቅዝ መጣራት አለበት። ብረት አቅላጭ ወዳጆቼ ቅር አይበላችሁና፣ በተለመደው የማቅለጫ ምድጃ ኮባልትና ኒኬል ቢገኙም ሊቲየሙ ከስላጉ፣ ማለትም ከቀለጠው ብረት ተለይቶ ከሚጣለው ዝቃጭ ጋር ይሄዳል።

ሽቦ አቃጥሎ መዳብ ማውጣት የለመደ እጅ ባትሪውንም በመዶሻ ለመክፈት ይቸኩላል። በውስጡ ያለው የሊቲየም ጨው እርጥበት ሲያገኝ ሳንባ የሚያቃጥል ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ያወጣል፤ የተበሳ ባትሪ ይቀጣጠላል፣ ጠፋ ሲባልም ዳግመኛ ይነሣል።

ስለዚህ ነገ አሲድ ቤት እንክፈት አልልም፤ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚበቃው የአቃቂ ወንዝ ሌላ አሲድ አይጨመርበት። መሰብሰቡን፣ ኃይሉን ማስጨረሱንና በዓይነት መለየቱን ግን ዛሬ መጀመር እንችላለን። የአውሮፓ ኅብረት እንኳ ጉዳዩን ለገበያው ብቻ ሳይተው፣ ጥቅም ላይ ከዋለ ባትሪ ሊቲየሙ እስከ 2027 እ.ኤ.አ. መጨረሻ 50፣ እስከ 2031 መጨረሻ ደግሞ 80 በመቶ እንዲመለስ በሕግ አስገድዷል። እኛም አስመጪው የባትሪውን ማስወገጃ ወጪ ከመኪናው ጋር እንዲያስይዝ፣ ከዚያም ገንዘብ ላይ ያልተሰበረ ባትሪ ለሚያመጣ ቁራሌው ከተሰበረው የበለጠ ዋጋ በኪሎ እንዲከፈለው እንጠይቅ።